ድፍረት፤ የአንድ ቃል ሦስት ፍቺ

«ድፍረት አይሁንብኝና» ብሎ ንግግሩን የሚጀምር ሰው አንድ ፍቺ ይዟል። ስለ ጀግና ስናወራ «ደፋር ነው» ስንል ሌላ ፍቺ እንይዛለን። «ተደፈረች» ብለን ድምፃችንን ዝቅ ስናደርግ ደግሞ ሦስተኛው ፍቺ ይመጣል። ከልክ ማለፍ፣ ጀግንነት፣ በሴት ልጅ ገላ ላይ የሚፈጸም ግፍ፤ ሦስቱም ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን ፊልም «ድፍረት» ብለው የሰየሙት ሰዎች ከሦስቱ ሁለቱን አስበው ነበር። ሦስተኛው ግን ሳይጠሩት መጣ። የፊልሙን ታሪክ መለስ ብሎ ማየት የሚያስፈልገውም ስለዚህ ይመስለኛል።

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1996 በአርሲ ነው። አበራሽ በቀለ የተባለች የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞች ጠለፏት። ጠላፊው ሚስቱ ሊያደርጋት ፈልጎ ነበርና ዘግቶባት ደፈራት። ልጅቱም የሰውየውን ጠመንጃ ይዛ አመለጠች፤ ተከታትሎ ሲደርስባት ተኮሰች፤ ሞተ። በአገሩ ልማድ ጠለፋ የጋብቻ አንድ መንገድ ሆኖ ይታይ ስለ ነበር፣ ለብዙው ሰው የገነነው ወንጀል ጠለፋው ሳይሆን ግድያው ነበር።

የዘመኑ ሕግም ቢሆን ከልማዱ ብዙ አልራቀም። እ.ኤ.አ. የ1957ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ወንጀል ነው ይላል፤ ቅጣቱን ግን ከሦስት ዓመት እስራት አያሳልፈውም። በዚያ ላይ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በሕግ ካገባት ክሱ ይቀራል። እንግዲህ አስተውሉ፤ በደሉን የሚያጥበው የበደሉ ፍጻሜ ራሱ ነበር። የ1960ው የፍትሐ ብሔር ሕግም ለሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ 15 ዓመት ይበቃል ይል ነበር።

የአበራሽን ጉዳይ የያዘው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነው። ማኅበሩ በ1995 ተቋቁሞ ለድሆች ሴቶች በነፃ ጥብቅና ይቆም የነበረ ሲሆን፣ ከመሥራቾቹ አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ። ክርክሩ ሁለት ዓመት ያህል ፈጀ። በመጨረሻ ፍርድ ቤቱ ልጅቱ ራሷን ስትከላከል ነው የገደለችው ብሎ በነፃ አሰናበታት። ይህ ፍርድ ያለ ትልቅ ነገር አለ፤ የጠለፏት ልጅ የአባቷ ወይም የጠላፊዋ ገንዘብ አይደለችም፣ ገላዋንና ሕይወቷን ለመጠበቅ ራሷ መብት አላት አለ።

ነገር ግን ፍርድ ቤቱ በነፃ ያሰናበታት ልጅ ወደ ቤቷ አልተመለሰችም። የአገር ሽማግሌዎች ተቀምጠው ከቀዬው ትራቅ፣ ቤተ ሰቦቿም ካሳ ይክፈሉ ብለው ወስነው ነበር። እዚህ ላይ ሽማግሌዎቹን አረመኔ ብሎ ማለፍ ይቀላል። ይሁንና እኛ ከወረኢሉና ከመካነ ሰላም ወገን ያለን ሰዎች የሽምግልናን ዋጋ እናውቃለን። በወሎ ምድር ነፍስ ሲጠፋ አበጋር ገብቶ፣ ዱዓና ምርቃት ተደርጎ ደም ካልደረቀ፣ አንዱ ሞት አሥር ሞት ይወልዳል። ገዳይ ከሟች ወገን ዓይን ይራቅ የሚለው ብይን የተወለደው ከዚህ ፍርሃት ነው፤ ዓላማው ሁለተኛ ሬሳ እንዳይወጣ ነው። ጉድለቱ ግን ሌላ ቦታ ነው። በዚያ ሸንጎ ሚዛን ላይ የሚቀመጡት ሁለት ወገኖች ናቸው፤ የሟች ወገንና የገዳይ ወገን። ልጅቱ ራሷ ወገን አይደለችም። ስለ እርሷ የሚናገረው ሌላ ነው፤ የሰላሙን ዕዳ የምትከፍለው ግን እርሷ ናት።

ይህ ታሪክ መጀመሪያ በፊልም የታየው በ1999 ነው። እንግሊዛዊቷ ሻርሎት መትካፍ ለቢቢሲ በሠራችው ዘጋቢ ፊልም አበራሽ በራሷ ፊትና በራሷ ስም ቀርባለች። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ኢትዮጵያ ተወልዶ አሜሪካ ሲኒማ የተማረው ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ነገሩን ወደ ልብ ወለድ ፊልም አመጣው። ከአዘጋጆቹ መካከል ሐኪሟ ምሕረት ማንደፍሮ ነበረች፤ የሆሊውዷ አንጀሊና ጆሊም በሥራ አስፈጻሚ ፕሮዲዩሰርነት ስሟን ሰጠችው። በዚያ ዘመን የአዲስ አበባ ፊልሞች አብዛኞቹ በዲጂታል ቪዲዮ ሲሠሩ፣ «ድፍረት» በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ተቀረጸ። ካሜራውን የያዘችው ፖላንዳዊቷ ሞኒካ ሌንቼቭስካ ናት። ንግግሩ በአማርኛ ነው።

የጠበቃዋን ገጸ ባሕርይ የተጫወተችው በቴሌቪዥን ድራማና በግጥም የምናውቃት ሜሮን ጌትነት ናት። የተጠለፈችውን ልጅ የተጫወተችው ትዝታ ሀገሬ ግን ከዚያ በፊት በፊልም አልታየችም። ምርጫው የሰመረ ነው እላለሁ። ሜሮን ንግግር በለመደ አንደበት ትከራከራለች፤ ትዝታ ደግሞ አብዛኛውን በዝምታ ትናገራለች። ጎትቶ የሚያለቅስ፣ ደረት የሚመታ ትወና በለመደው ሲኒማችን ውስጥ ይህች ልጅ ዓይኗን ሰብራ መቀመጧ ብቻ ከብዙ ዋይታ ይበልጣል። የሽማግሌዎቹ ሸንጎም በፊልሙ ውስጥ መሳለቂያ አልሆነም፤ በዛፍ ጥላ ሥር ሁሉም ተራውን ጠብቆ፣ በወግ ይናገራል። ተመልካቹ በወጉ ማማር ተማርኮ ሳለ ድንገት ልጅቱ የለችም ብሎ ይነቃል።

ፊልሙ በ2014 መጀመሪያ በሰንዳንስ፣ ቀጥሎም በበርሊን የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። ኢትዮጵያን ወክሎም ለኦስካር ውድድር ተላከ።

ሦስተኛው ፍቺ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ነሐሴ 28 ቀን 2006 ዓ.ም. ፊልሙ በአዲስ አበባ በብሔራዊ ቴአትር ሊመረቅ እንግዶች ተቀምጠው ሳለ የፍርድ ቤት እግድ ደረሰና ሳይታይ ቀረ። አቤት ባይዋ አበራሽ በቀለ ነበረች፤ ሕይወቴ ያለ ፈቃዴ ፊልም ሆነ ብላ። እግዱ ኋላ ተነሥቶ ፊልሙ በአገሩ ታይቷል። ጥያቄው ግን አብሮ አልተነሣም።

በፊልሙ ውስጥ ጠበቃዋ በእውነተኛ ስሟ መዓዛ አሸናፊ ናት። ልጅቱ ግን ሂሩት ተብላለች። ስም መለወጥ የደራሲ መብት ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ባለ ታሪኩን ከጥቃት የሚሰውር ልብስ ነው። ነገር ግን ይህች ልጅ አስቀድማ በስሟ ለዓለም የታየች ናት። ከቀዬዋ የራቀች ሴት፣ ከታሪኳም በስም ስትርቅ ምን ይሰማት ይሆን? ሸንጎው ስለ እርሷ ያለ እርሷ ተነጋገረ ብሎ የሚወቅስ ፊልም፣ ራሱ ስለ እርሷ ያለ እርሷ ተናገረ የሚል ክስ ሲቀርብበት፣ ነገሩ ከሕግ ክርክር ይልቃል። ጥበብ ከልማዱ በምን ተሻለ የሚል ጥያቄ ይሆናል።

ይህን ስል የፊልሙን ውለታ መካዴ አይደለም። ታሪኩ ለሕጉ ለውጥ ከተደረገው ትግል ጋር አብሮ የሚጠራ ነው። በ2000 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 አደረገ። በ2005 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ የጠለፋን ቅጣት ከ3 እስከ 10 ዓመት ከፍ አደረገው፤ የኋላ ጋብቻ ጠላፊውን ከክስ አያድነውም ሲልም ደነገገ። ወይዘሮ መዓዛም በ2018 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ 2023 መጀመሪያ አገልግለዋል። ሕጉን የማያነብ ብዙ ሰው ግን የሕጉን ትርጉም ያየው በትዝታ ሀገሬ ዓይኖች ውስጥ ነው። ይህን አንቀጽ ብቻውን አያደርገውም።

ሆኖም ውለታም ዕዳን አይሰርዝም። የእውነተኛ ሰው መከራ በእጃችን ሲገባ፣ ግጥም ይሁን ድራማ፣ ውበቱ ያስጎመጀናል፤ ጉዳዩ ቅን ስለ ሆነ ፈቃድ የተሰጠን ይመስለናል። የቀደሙት ሽማግሌዎችም ለሰላም ነው የቆምነው ባዮች ነበሩ፤ ቅንነታቸው ልጅቱን ከመባረር አላዳናትም። ስለዚህ ስለ ሰው ሕይወት ልንጽፍ የምንነሣ ሁሉ፣ ታሪኩን ለአንባቢ ከማቅረባችን በፊት በባለ ታሪኩ ደጅ ቆመን «ድፍረት አይሁንብኝና» ማለት ይገባናል። ይህቺ አነጋገር ለወግ ያህል ብቻ የምትጣል አይደለችም። አይሆንም የሚል መልስ ሊመጣ እንደሚችል አምኖ የሚጠየቅ ጥያቄ ናት።