የሕፃናት እድገትና ባህሪ ሐኪም፦ ሥራው ምንድን ነው? የባቱ ወላጅስ ከየት ይጀምር?

የሕፃናት እድገትና ባህሪ ሕክምና የሕፃናት ሕክምና አንዱ ንዑስ ዘርፍ ነው። የንግግር መዘግየት፣ ኦቲዝም፣ ትኩረት ማጣትና ከልክ ያለፈ መቅበጥበጥ፣ ዳውን ሲንድረም፣ ሴሬብራል ፓልሲ፣ የትምህርት አቀባበል ችግር እንዲሁም ልጁ ካደገ በኋላም የሚቀጥል የሌሊት ሽንት በዚህ ዘርፍ ይታያሉ።

በአሜሪካ ዘርፉ ራሱን ችሎ እውቅና ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። እዚያ ሐኪሙ ሦስት ዓመት አጠቃላይ የሕፃናት ሕክምና፣ ከዚያም ሦስት ዓመት ይህንኑ ዘርፍ ይማራል። በአገራችን ሥራውን በአብዛኛው የሚጋሩት የሕፃናት፣ የአእምሮ እና የነርቭ ሐኪሞች ናቸው።

በኢትዮጵያ ፈር የቀደዱ

ከቀዳሚዎቹ አንዱ የሕፃናት የአእምሮ ሐኪሙ ዶ/ር ምኒልክ ደስታ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 በስዊድን ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት በአዲስ አበባ ሕፃናት የአእምሮ ጤና ላይ ያተኮረ ነው። ብዙ ልጅ የሚገረፍበትንና የሚሸማቀቅበትን የሌሊት ሽንትንም አጥንተዋል። ቆየት ብለውም ሕፃናትን ለትምህርት የሚያዘጋጅ ድርጅት መሥርተዋል። ከሐኪሞች ውጭ ደግሞ የኦቲዝም ልጅ እናት የነበሩት ወ/ሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ አቋቁመዋል።

ሐኪሙ ምን ያደርጋል?

ኦቲዝምን የሚለይ የደም ምርመራም ሆነ ራጅ የለም። ሐኪሙ ስለ እርግዝናው፣ ስለ ወሊዱ፣ ልጁ መቼ እንደተቀመጠና መቼ እንደተናገረ ይጠይቃል፤ ሲጫወትም ይመለከተዋል። በወሊድ ጊዜ መታፈን፣ ከባድ የአራስ ቢጫነት፣ ማጅራት ገትር ወይም በስምጥ ሸለቆ የምናውቀው ወባ አንጎል ላይ ወጥቶ እንደሆነ ያጣራል። ንግግር ለዘገየበት ልጅ ቀዳሚው ምርመራ የጆሮ ነው፤ የማይሰማ ልጅ መናገር ይከብደዋልና። ከዚያም እንደ ችግሩ ከንግግርና ከአካል እንቅስቃሴ ባለሙያዎች እንዲሁም ከመምህራን ጋር ይሠራል።

በባቱ ብዙ ልጆች ኦሮምኛና አማርኛ እየሰሙ ያድጋሉ፤ በደንበል ሐይቅ ደሴቶች ደግሞ ዛይኛ ይነገራል። ሁለትና ሦስት ቋንቋ መስማት የንግግር እክል አያመጣም። ስለዚህ "ቋንቋ ተደበላልቆበት ነው" ብሎ መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው።

የሚደበቁ ልጆች

እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት በአዲስ አበባ ሁለት ክሊኒኮች 102 አሳዳጊዎች ተጠይቀው ነበር። 45.1 በመቶ በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ፣ 26.7 በመቶ ሁኔታውን ለመደበቅ እንደሚጥሩ ተናግረዋል። 40.2 በመቶ ደግሞ ምክንያቱ የመንፈስ ልክፍት ነው ብለዋል። እነዚህ ወላጆች ክሊኒክ የደረሱት ናቸው፤ ከቤት ያልወጡት ልጆች በዚህ ቁጥር ውስጥ የሉም።

በእኛም ዘንድ "ጂን ነው" ወይም "ዓይን ነው" ተብሎ ዓመታት የሚያልፉበት ልጅ አለ። ዱዓም ሩቃም ሕክምናን አይከለክሉም። በኢስላም መታከም የታዘዘ ነገር ነው። ሩቃ እየተደረገለትም ልጁን ሐኪም ዘንድ መውሰድ ይቻላል። ልጅን ማሰር፣ መምታትና ማስራብ ግን ሕክምናም ሩቃም አይደለም።

መቼ ወደ ጤና ተቋም ይኬድ?

• በ12 ወሩ ስሙ ሲጠራ የማይዞር ከሆነ
• በ18 ወሩ የማይራመድ ወይም በጣቱ የማያመለክት ከሆነ
• በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃላት ማያያዝ ካልጀመረ
• በማንኛውም ዕድሜ ይናገር ወይም ያደርግ የነበረውን ከተወ

ከባቱ ከየት ይጀመር?

መጀመሪያ የቀበሌዋን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም ጤና ጣቢያውን ማማከር፣ ቀጥሎ በባቱ ሆስፒታል መታየት ይቻላል። ካስፈለገ ሪፈር ተጽፎ ወደ አዳማ ወይም 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው አዲስ አበባ ይኬዳል። መንገዱ ረጅም፣ ወጪውም ከባድ ነው። ስለዚህ ሲሄዱ የክትባት ካርዱንና የወሊድ ወረቀቱን መያዝ፣ ልጁ ሲጫወትና ሲጠራ በስልክ መቅረጽ ይጠቅማል፤ ልጁ እንግዳ ክፍል ውስጥ የማያሳየውን ሐኪሙ በቪዲዮው ያያል።

የመድረሳና የመዋዕለ ሕፃናት ኡስታዞችና መምህራንም ድርሻ አላችሁ። ልጅን ከሌሎች ጋር አነጻጽሮ ለማየት ዕድሉ ያላችሁ እናንተ ናችሁ። ተጠርቶ የማይሰማውን ልጅ "ባለጌ" ከማለታችሁ በፊት ያያችሁትን ለወላጁ ለብቻው፣ በክብር ንገሩት። የልጅ አንጎል ፈጥኖ የሚያድገው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በመሆኑ በሦስት ዓመት የተጀመረ እገዛ በስምንት ዓመት ከሚጀመረው ይሻላል፤ በስምንት ዓመት መጀመርም ከመተው ይሻላል።