የአሜሪካ ሽማግሌዎች ስሙኒ

ባለፈው እሑድ የማኅበራችን ስብሰባ ላይ ነበርኩ። በአንድ ጉዳይ የኮንግረስ ተወካያችንን ለማነጋገር ታስቦ፣ ለወጪው በነፍስ ወከፍ ሃያ ዶላር እናዋጣ ተባለ። አንድ አባት እጃቸውን አወጡና «ልጆቼ፣ የዚህ አገር ፖለቲካ የባለሚሊዮኖች ነው። የእኛ ሃያ ዶላር የት ትደርሳለች?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ዶክተር ፍራንሲስ ታውንሰንድ ትዝ አሉኝ። እስቲ ታሪካቸውን ላውጋችሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1929 የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ። ከዚያ ባንኮች ተዘጉ፤ ሰው ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመው ገንዘብ እንደ ጉም ተነነ። ያኔ በመላ አገሪቱ ለሠራተኛው ሁሉ የሚደርስ የመንግሥት ጡረታ አልነበረም። ያረጀ ሰው ልጁ ላይ ይጠጋል፤ ልጁም ሥራ ፈትቷል። ማንም የሌለው የድሆች መጦሪያ ይገባል።

ታውንሰንድ በካሊፎርኒያ፣ ሎንግ ቢች በምትባል ከተማ ድሆችን የሚያክሙ ሐኪም ነበሩ። በ1933 ያንን ሥራ አጡ። ዕድሜያቸው 66 ነው፤ ያጠራቀሙትም ይህን ያህል አልነበረም። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ለከተማው ጋዜጣ አንድ ደብዳቤ ጻፉ። ሐሳቡ እየዳበረ መጥቶ እንዲህ ሆነ፦ 60 ዓመት የሞላው አሜሪካዊ ሁሉ ሥራ ያቁም፤ መንግሥት በወር 200 ዶላር ይስጠው፤ እሱም ገንዘቡን በ30 ቀን ውስጥ እዚያው አገር ውስጥ አጥፍቶ ይጨርስ። ወጪው በግብይት ላይ ከሚጣል 2 በመቶ ግብር ይሸፈናል። ሽማግሌው ሥራውን ለወጣት ይለቃል፣ ባለሱቁ ይሸጣል፣ ፋብሪካው ይንቀሳቀሳል።

የኢኮኖሚ ምሁራን «ይሄማ አይሆንም» አሉ። ከሕዝቡ አንድ አሥረኛ እንኳ ለማይሞሉ ሰዎች የአገሪቱን ገቢ ግማሽ ያህል ማደል ነው ብለው አሰሉት። እውነት ለመናገር ስሌቱ ላይ ልክ ነበሩ። ሽማግሌዎቹ ግን የምሁራኑን መልስ ቁጭ ብለው አልጠበቁም።

ታውንሰንድ በ1934 መጀመሪያ ሮበርት ክሌመንትስ ከተባሉ የቤትና የመሬት ደላላ ጋር ድርጅት አቋቋሙ። የአባልነት መዋጮው 25 ሳንቲም ነበር። በቃ፣ ስሙኒ! በየከተማው የታውንሰንድ ክበብ ተከፈተ። አባላቱ በየቤተ ክርስቲያኑና በየአዳራሹ ይሰበሰባሉ፣ ይጸልያሉ፣ ይዘምራሉ፣ የራሳቸውን ጋዜጣ ይገዛሉ። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ከ7,000 በላይ ክበቦች፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ አባላት ሆኑ።

ታዲያ ጉልበቱ የት ላይ ነበር? ስሙኒዋ ብቻዋን ምንም አትገዛም። ግን ስሙኒ የከፈለ ሰው «ጉዳዩ የእኔ ነው» ይላል። ለተወካዩ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ፊርማ ያሰባስባል፣ ምርጫ ሲደርስ እጩውን ፊት ለፊት «ከእኛ ጋር ነህ ወይስ አይደለህም?» ብሎ ይይዘዋል። አንድ ባለሀብት ብዙ ሺህ ዶላር ቢሰጥ ድምፁ ያው አንድ ነው። እነዚህ ግን በብዙ የምርጫ ወረዳ አሉ፣ ደግሞ ድምፅ ከመስጠት አይቀሩም።

በ1935 መጀመሪያ የካሊፎርኒያው ተወካይ ጆን ማክግሮርቲ ዕቅዱን በሕግ ረቂቅ መልክ ለኮንግረስ አቀረቡ። አላለፈም። ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት፣ ነሐሴ ላይ፣ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የሶሻል ሴኩሪቲን ሕግ ፈረሙ። ሕጉን የወለደው ታውንሰንድ ነው እያልኩ አይደለም፤ የሩዝቬልት ኮሚቴ ከ1934 ጀምሮ እየሠራበት ነበር። ነገር ግን በየቀኑ የሽማግሌ ደብዳቤ የሚደርሰው የኮንግረስ አባል 200 ዶላሩን እምቢ ካለ በኋላ ሌላውንም እምቢ ብሎ በምን ፊቱ ወደ ወረዳው ይመለስ?

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። የስሙኒው ክምር ወደ አንድ ሚሊዮን ዶላር ተጠጋ፤ የሚያዙበት ግን ሁለቱ መሥራቾች ነበሩ። ክበቦቹ በገንዘቡ ላይ ድምፅ አልነበራቸውም። በ1936 የተወካዮች ምክር ቤት ምርመራ ከፈተ። ክሌመንትስ ድርጅቱን ለቀቁ። ታውንሰንድ ምስክርነታቸውን አቋርጠው ከአዳራሹ ወጡ፤ ምክር ቤቱን በመድፈር ተከሰው 30 ቀን እስራት ተፈረደባቸው። በ1938 ከእስር ያዳናቸው ራሱ ሩዝቬልት ነው። ምክር ቤቱ ምርመራ የከፈተው ለአሮጊቶቹ ሳንቲም ብቻ አዝኖ አይመስለኝም፤ እንቅስቃሴውን ፈርቶትም ነበር። በሩን ከፍተው የሰጡት ግን ሒሳባቸውን ለአባላቱ ያላሳዩት መሪዎች ናቸው።

በ1940 ጥር መጨረሻ የመጀመሪያዋ ወርሃዊ የሶሻል ሴኩሪቲ ቼክ ለቬርሞንቷ አይዳ ሜይ ፉለር ተጻፈች። 22 ዶላር ከ54 ሳንቲም። ከተጠየቀው 200 ዶላር ጋር ስታስተያዩት ምን አላት ትሉ ይሆናል። ግን በየወሩ የምትመጣ፣ ማንንም የማታስለምን ገንዘብ ነበረች። ሴትዮዋ 100 ዓመት ኖረው እስኪሞቱ ድረስ ጡረታቸውን በሉ።

እንግዲህ አባታችን፣ እሑድ ዕለት ስቄ ዝም ያልኩበትን መልስ ዛሬ ልስጥዎት። እርስዎ በየወሩ የሚጠብቋት ጡረታ ውስጥ የእነዚያ ሽማግሌዎች ስሙኒ አለችበት። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ለዚህ አይደል? እኔ ሃያ ዶላሬን እሰጣለሁ። ደብዳቤውንም እጽፋለሁ፤ ብር ሰጥቶ ቤቱ የተኛ ሰው ግማሹን ብቻ ነው የሰጠው። አንድ ነገር ግን እለምናለሁ፦ ልክ እንደ ዕድራችን ገንዘብ ያዡ በየስብሰባው ቆሞ ገቢና ወጪውን ያንብብልን። ማንንም ስለጠረጠርኩ አይደለም። የታውንሰንድን ሰዎች ያየ ሰው ይህን ሳይጠይቅ ስሙኒ ማውጣት የለበትም ብዬ ነው።

ቸር ሰንብቱ።