ናፍጣ ላይ የሚጨመረው አዲቲቭ፦ የሚሠራው እና የማይሠራው

ወልቂጤና ቡታጅራ ላይ አይሱዙ ወይም ዶልፊን የምትይዙ ቤተሰቦቻችን፣ ይሄ ለእናንተ ነው። የስንት ቤት ጉሮሮ በአንድ ሞተር ነው የሚያድረው፤ ፖምፓ ከተበላሸ ደግሞ ወጪው አይጣል ነው!

በትንሿ ጠርሙስ የሚሸጠው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ኖዝል ጫፍ ላይ የያዘውን ካርቦን ያጥባል፣ ናፍጣው በደንብ ተበትኖ ይረጫል። ሌላው የሴቴን ቁጥር ከፍ አድርጎ ናፍጣው ቶሎ እንዲቀጣጠል ያግዛል፤ ጠዋት የሚሰማው ኳኳታ ይቀንሳል። ሦስተኛው ማለስለሻ ነው። የብዙ ሞተሮች ፖምፓ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ነውና ይጠቅማል። "እንዳይረጋ" የሚለው ግን ለበረዶ አገር የተሠራ ነው፤ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ላለችው ወልቂጤም ሆነ ትንሽ ከፍ ለምትለው ቡታጅራ ብር ማባከን ነው እንላለን።

ነዳጅ ጠፍቶ ከመንገድ ዳር በጀሪካን የገዛችሁት ናፍጣ ነጭ ጋዝ ከተቀላቀለበት የትኛውም ጠርሙስ አያድነውም። ነጭ ጋዝ እንደ ናፍጣ አያለሰልስም፣ ፖምፓውን ይበላዋል። ውሃ ከገባበት ደግሞ ከናፍጣ ፊልትሮው ሥር ያለችውን መክፈቻ ፈታ አድርጎ ማፍሰስ ነው፣ በተለይ ክረምት ላይ።

ጥቁር ጭስ ከበዛ መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን እዩ። ያለቀ ኖዝልም በአዲቲቭ አይድንም፣ መካኒክ ጋ ነው። የምትጨምሩ ከሆነ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ፣ ናፍጣ ከመቅዳታችሁ በፊት ጨምሩ፤ ሲቀዳ አብሮ ይቀላቀላል። "ቤንዚን ጠብ አድርግበት" የሚላችሁን ግን አትስሙ!