የዲትሮይት የሕዝብ መብራት ባለሥልጣን

የዲትሮይት የሕዝብ መብራት ባለሥልጣን በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት የምትገኘውን የዲትሮይት ከተማ የመንገድ መብራት መልሶ ለመገንባት እ.ኤ.አ. በ2013 የተቋቋመ የመንግሥት ተቋም ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከከተማው አስተዳደር የተለየ ሕጋዊ ሰውነት አለው። በ185 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ብድር 65,000 ያህል ኤልኢዲ መብራቶችን አስተክሏል። በከተሞች ፋይናንስ ዘርፍ ስሙ የሚነሣው ግን በመብራቶቹ ብዛት አይደለም፤ ዕዳዋን መክፈል አቅቷት ፍርድ ቤት ለቆመች ከተማ ብድር በማስገኘቱ ነው።

ዲትሮይት ለመብራት እንግዳ አልነበረችም። በ1880ዎቹ «የጨረቃ ብርሃን ማማ» የሚባሉ 122 ረጃጅም የብረት ማማዎች ከላይ ሆነው ያበሩላት ነበር፤ ከእነዚህ 31ዱን በ1894 የቴክሳሷ ኦስቲን ገዝታ ወስዳለች። ከንቲባ ሄዘን ፒንግሪ የግል ኩባንያዎች የሚጠይቁትን ዋጋ ተቃውመው ከተማዋ የራሷ ማመንጫ እንዲኖራት ታገሉ፤ ማመንጫውም በ1895 ሥራ ጀመረ። ይህ የከተማዋ ኩራት የኋላ ኋላ ሸክም ሆነባት። በ1950 ከ1.8 ሚሊዮን በላይ የነበረው ነዋሪ በ2010 ወደ 714,000 ወረደ። ግብር ከፋዩ ሲሄድ ምሰሶው ባለበት ቀረ። ባለሥልጣኑ ሲቋቋም ከ88,000 ያህል መብራቶች 40 በመቶ የሚሆኑት አይሠሩም ነበር። ከአሮጌዎቹ መስመሮች ብዙዎቹ በተከታታይ የተያያዙ በመሆናቸው አንድ ቦታ ላይ የደረሰ ብልሽት መንገዱን በሙሉ ያጨልመው ነበር። የተረፈውን የመዳብ ሽቦ ደግሞ ሌቦች እየቆረጡ ይሸጡት ነበር።

ከተሞች አሮጌ መብራታቸውን በኤልኢዲ ሲተኩ የተለመደው የብድር ስልት ከቁጠባ መክፈል ነው። አዲሱ መብራት አነስተኛ ኃይል ይፈጃል፣ ቶሎ ቶሎም አይጠገንም፤ ከወርሃዊው ሒሳብ የሚተርፈው ገንዘብ ለአበዳሪው ይሄዳል። ለዚህ ዘወትር የሚጠቀሰው ሎስ አንጀለስ ነው። ከተማው ከ2009 ጀምሮ በአራት ዓመታት ውስጥ 140,000 ያህል መብራቶችን ቀይሯል። ከ57 ሚሊዮን ዶላሩ ወጪ 40 ሚሊዮን ያህሉን ያበደረው የከተማው የራሱ የውኃና የኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤት ነበር፤ ብድሩም በሰባት ዓመት ውስጥ ከቁጠባው እንዲከፈል ታቅዶ ነበር።

ይህ ስልት ለዲትሮይት አልሆነም። ስልቱ አሮጌዎቹ መብራቶች እየበሩና ሒሳብ እየቆጠሩ እንደሆነ ታሳቢ አድርጎ ይነሣል። የጠፋ መብራት ግን የሚቆጥበው ነገር የለውም፤ እንዲያውም ሲበራ አዲስ ወጪ ነው። በዚያ ላይ ከተማዋ ሐምሌ 2013 በፌዴራሉ የኪሳራ ሕግ ምዕራፍ 9 መሠረት ለፍርድ ቤት አመለከተች። የዕዳዋ መጠን 18 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲገመት፣ በአሜሪካ ታሪክ የአንድ ከተማ ትልቁ ኪሳራ ተባለ። በእንዲህ ያለ ካዝና ላይ ተማምኖ የሚያበድር አይገኝም።

መውጫው የመብራቱን ገንዘብ ከካዝናው ማራቅ ነበር። የሚሺጋን ሕግ አውጪ ምክር ቤት በታኅሣሥ 2012 ባወጣው ሕግ መሠረት ባለሥልጣኑ ተቋቋመ። በኤሌክትሪክ፣ በጋዝና በስልክ ሒሳብ ላይ ከሚጣለው የ5 በመቶ ታክስ በየዓመቱ 12.5 ሚሊዮን ዶላር ተመደበለት። ታክሱ ቀደም ሲል ለፖሊስ ኃይል ብቻ ይውል ስለነበር ሕጉ መሻሻል ነበረበት። ገንዘቡ በከተማዋ በጀት ውስጥ ሳያልፍ በባለ አደራ አማካይነት ለቦንድ ገዢዎች እንዲደርስ ተደረገ። የኪሳራውን ጉዳይ ያዩት ዳኛ ስቲቨን ሮድስ ይህን ስምምነት ካጸደቁ በኋላ፣ በ2014 በሚሺጋን የፋይናንስ ባለሥልጣን በኩል ዋናው ቦንድ ተሸጠ።

እዚህ ላይ ከሕንድ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። በ2015 በተጀመረው የሕንድ ብሔራዊ የመንገድ መብራት ፕሮግራም፣ የመንግሥት የሆነው የኃይል ቆጣቢ አገልግሎት ኩባንያ ወጪውን ራሱ አስቀድሞ እየሸፈነ ከ13 ሚሊዮን የማያንሱ መብራቶችን ተክሏል። ማዘጋጃ ቤቶች ገንዘቡን በየዓመቱ እየከፋፈሉ እንዲመልሱ ነበር ውሉ። ቁጠባው እውነተኛ ነበር፤ ነገር ግን ወደ ማዘጋጃ ቤቱ የጋራ ካዝና ገብቶ ከደመወዝና ከቆሻሻ ማንሻ ወጪ ጋር ስለሚሻማ ኩባንያው ላይ ከፍተኛ ውዝፍ ተከመረበት። ብራዚል በ2002 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ ማዘጋጃ ቤቶች ለመንገድ መብራት ብቻ የሚውል መዋጮ እንዲሰበስቡ ፈቀደች፤ መዋጮውም ከኤሌክትሪክ ሒሳብ ጋር አብሮ ሊከፈል ይችላል። የዲትሮይት መንገድ ለዚህኛው ይቀርባል።

የገንዘቡ ልክ የመብራቱንም ልክ ወሰነ። ከ88,000ው ወደ 65,000 ተቀነሰ፤ ከቤቶች ጀርባ ያሉት ጠባብ መተላለፊያዎች ከዕቅዱ ወጡ። በየመስቀለኛው መንገድ አንድ መብራት፣ ርዝመቱ ከ300 ጫማ (90 ሜትር ገደማ) ለሚበልጥ መንገድ ደግሞ መሐሉ ላይ ተጨማሪ እንዲተከል ተወሰነ። ሌባ የማይጓጓለት የአሉሚኒየም ሽቦ መዳቡን ተካ። በመጀመሪያው ዕቅድ ለመኖሪያ ሰፈሮች የታሰበው የሶዲየም መብራት ነበር። የኤልኢዲ ዋጋ ሲወርድና በ2014 ማይክ ደጋን ከንቲባ ሲሆኑ ሐሳቡ ተለወጠ። ተከላው በታኅሣሥ 2016 ተጠናቀቀ።

በ2019 ግን 20,000 ያህል መብራቶች ከታሰበላቸው ዕድሜ እጅግ ቀድመው መደብዘዝና መቃጠል ጀመሩ። ባለሥልጣኑ አምራቹን ከሰሰ፤ የተበላሹትን ለመተካትም በሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር አስፈለገው። በ2014 የተሸጠው ቦንድ የመጨረሻ መክፈያው 2044 ነው።