«ደህና ነኝ» በእንግሊዝኛ

የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን፣ «ፊት አዝ ኤ ፊድል» የሚለውን አባባል ያህል ተማሪዎቼን የሚያስቃቸው ነገር አልነበረም። ሰውዬው ፍጹም ጤነኛ ነው ለማለት እንግሊዞች «እንደ ቫዮሊን ነው» ይላሉ። «መምህር፣ ታዲያ እኛም ደህና ነህ ወይ ስንባል እንደ ማሲንቆ ነኝ እንበላ!» ያለኝን ልጅ አልረሳውም። ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

ልጁ መጠርጠሩ ትክክል ነበር። አባባሉ ከ400 ዓመት በፊት በታተመ የእንግሊዝ ተውኔት ውስጥ ሲገኝ ከጤና ጋር ምንም አላገናኘውም። «ፊት» ያኔ ተስማሚ፣ ልክ የሆነ ማለት ነበር። ኋላ ቃሉ ስለ ሰውነት ብርታት መነገር ሲጀምር አባባሉም ተከትሎት ሄደ፤ ቫዮሊኑም ሳያስበው ጤነኛ ሆነ። በቀን አንድ ፖም ሐኪምን ያርቃል የሚሉትንም ሁሉም ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1866 ዌልስ ውስጥ ተመዝግቦ የተገኘው የጥንቱ መልክ፣ ሲተኛ ፖም የበላ ሰው ሐኪሙን እንጀራ ያሳጣዋል የሚል ነው። የፖምን ዋጋ ለሚያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ግን ሐኪሙ ሳይረክስ አይቀርም።

ከሁሉ ይልቅ የሚከነክነኝ «ኢን ዘ ፒንክ» ነው። እሱም ፍጹም ጤነኛ ነኝ ማለት ነው። ብዙ ሰው ከጉንጭ መቅላት የመጣ ይመስለዋል። አይደለም። ፒንክ በመጀመሪያ የአበባ ስም ነው፤ ቀለሙም ቢሆን ስሙን የወረሰው ከአበባው ነው። በሼክስፒር «ሮሚዮና ጁልየት» ውስጥ መርኩሺዮ ራሱን የጨዋነት ፒንክ አድርጎ ሲኩራራ፣ የጨዋዎች አውራ ነኝ ማለቱ ነው። ከዚያ «የጤና ፒንክ» መጣ፤ በመጨረሻም ጤናው ተቆርጦ ፒንኩ ብቻ ቀረ።

በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ይህ አባባል በእንግሊዝ ወታደሮች ደብዳቤ ውስጥ የሰላምታ ያህል ተለመደ። ከምሽጉ ጭቃ ውስጥ ሆነው ለእናት፣ ለሚስት፣ ለእጮኛ «ኢን ዘ ፒንክ ነኝ» ብለው ይጽፋሉ። ደብዳቤ መጻፊያ ጊዜ ላጣ ደግሞ ጦሩ የታተመ ካርድ ያድል ነበር። «በጣም ደህና ነኝ»፣ «ሆስፒታል ገብቻለሁ» የመሳሰሉ ዓረፍተ ነገሮች ተደርድረውበታል፤ የማይመለከትን ሰርዞ መፈረም ነው። ከቀንና ከፊርማ ሌላ አንዲት ቃል የጨመረ እንደሆነ ካርዱ ይወገድበታል። ቆስሎ ሆስፒታል ለገባው እንኳ የተዘጋጀለት «እየተሻለኝ ነው» የሚል ነው። እየባሰበት ያለውስ የቱን ይሰርዝ?

ገጣሚው ሲግፍሪድ ሳሱን የዚያው ጦር መኮንን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1916 ለጻፈው አንድ ግጥም «ኢን ዘ ፒንክ» የሚል ርዕስ ሰጠው። ለወዳጁ ይህንኑ ቃል ጽፎ ሲያበቃ እንቅልፍ ያጣ፣ ሞቱ እንደማይቀር የተገለጠለት ወታደር ታሪክ ነው። ገጣሚው ራሱ እንደጻፈው፣ አንድ የለንደን ጋዜጣ የወታደር ምልመላን ይጎዳል ብሎ አላወጣለትም።

ይህን ግጥም ላስተምር ቆሜ ድምፄ የተቆረጠበት ቀን ነበር። የታላቅ ወንድሜ ደብዳቤ ትዝ ብሎኝ ነው።

በ1981 ዓ.ም. ወንድሜ ሰሜን ግንባር ነበር። እኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ ፊደል ላልቆጠረችው እናታችን ደብዳቤ አንባቢ ነኝ። ሁሉም ደብዳቤ አጀማመሩ አንድ ነው፦ «እማዬ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ ከናንተ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።» አንድ ቀን አንብቤላት ስጨርስ ወረቀቱን ተቀብላኝ አገላበጠችው።

«ይሄ የሱ እጅ አይደለም» አለች።

«እማዬ፣ ደህና ነኝ ይላል እኮ።»

«ይበል። የሱ ጽሑፍ ወደ ጎን ይጋደማል፤ ይሄ ቆሟል።»

ቀኝ እጁን ተመትቶ ሆስፒታል እንደነበረና ደብዳቤውን ጎኑ የተኛ ቁስለኛ እንደጻፈለት ያወቅነው ከወራት በኋላ፣ ሲመለስ ነው። እናቴ ግን የዚያኑ ዕለት ማታ ስለት ተሳለች። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ ሲመጣ መጀመሪያ ትቀበለኝና ጽሑፉን አተኩራ ታየዋለች። ከዚያ «በል አሁን አንብብ» ትለኛለች።