ከቶልኪን ጀርባ ማን ይቅደም?

የጄ. አር. አር. ቶልኪን ስም ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው ባልንጀራው ሲ. ኤስ. ሉዊስ ነው። «ዘ ሆቢት»ን እና «የቀለበቶቹ ጌታ»ን የጻፈውን ሰው እነማን ቀረጹት ብለው በደረጃ የሚያሰልፉ ሰዎችም የመጀመሪያውን ቦታ ለሉዊስ ለመስጠት ብዙ አያመነቱም። እኔ ግን ይህ አሰላለፍ ዝናን ከተጽዕኖ ጋር ያምታታ ይመስለኛል።

ነገሩ የሚጀምረው ከእናቱ ነው። ማቤል ቶልኪን በ1896 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሏ በደቡብ አፍሪካ ሲሞትባት ሁለት ወንዶች ልጆቿን እንግሊዝ ውስጥ ብቻዋን አሳደገች። ላቲንን ለቶልኪን ያስጀመረችው እሷ ናት። በ1900 የካቶሊክ እምነትን ስትቀበል ዘመዶቿ ፊታቸውን አዞሩባት፤ በ1904 በስኳር በሽታ ሞተች። የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ እንደ ሰማዕት ሲያያት ኖረ። አሳዳጊያቸው ሆነው የቀሩት አባ ፍራንሲስ ሞርጋን ከገዛ ገንዘባቸው እየጨመሩ ልጆቹን አስተማሩ። እኚሁ ቄስ ግን ወጣቱ ሃያ አንድ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ከሚወዳት ከኢዲዝ ብራት ጋር እንዳይገናኝ ከለከሉት። ሁለቱ በ1916 ተጋቡ፤ በቀጣዩ ዓመት ዮርክሻየር ውስጥ በአንድ ጫካ ስትጨፍርለት ያያት ኢዲዝ በድርሰቱ ውስጥ ሉቲየን ሆነች። ኦክስፎርድ በሚገኘው መቃብራቸው ላይም ይኸው ስም ተቀርጿል። ያስተማረች እናት፣ የከለከለ አሳዳጊና የተወደደች ሚስት በየትኛው ሚዛን ይመዘናሉ?

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው ግን የጄፍሪ ባች ስሚዝ ጉዳይ ነው። በርሚንግሃም በሚገኘው የኪንግ ኤድዋርድ ትምህርት ቤት ቶልኪን፣ ስሚዝ፣ ሮብ ጊልሰንና ክሪስቶፈር ዋይዝማን ዓለምን በኪነ ጥበብ እናድሳለን ብለው የተማማሉ ጓደኞች ነበሩ። ጊልሰን በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሶም ውጊያ በተጀመረበት ቀን፣ ሐምሌ 1 1916 ተገደለ። ስሚዝም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ውስጥ በመድፍ ፍንጣሪ ቆስሎ በሃያ ሁለት ዓመቱ ሞተ። ከመሞቱ ወራት ቀደም ብሎ ለቶልኪን በጻፈው ደብዳቤ፣ እሱ ቢወድቅ ሊናገር የፈለገውን ቶልኪን እንዲናገርለት አደራ ብሎት ነበር። ቶልኪን በ1918 የስሚዝን ግጥሞች አሳተመ፤ የድርሰቶቹ ዓለም የሆነችውን የመካከለኛው ምድርን ታሪኮች መጻፍ የጀመረውም ከዚያ ጦርነት በሕይወት ከተመለሰ በኋላ ነው። ስሚዝ በብዙዎቹ ዝርዝሮች ግርጌ ላይ እንኳ አይገኝም። ይህን እንደ ግፍ እቆጥረዋለሁ።

በመጻሕፍት በኩል የመጡትም አሉ። ጆሴፍ ራይት በልጅነቱ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ አድጎ ማንበብን በአሥራ አምስት ዓመቱ ገደማ የተማረ፣ በኋላም የኦክስፎርድ ፕሮፌሰር የሆነ ሰው ነው፤ ቶልኪን በጎቲክ ቋንቋ ፍቅር የወደቀው በእሱ መጽሐፍ ነው። ይህ የቋንቋ ጥናት ፍቅር እኛም ዘንድ ደርሷል፤ ቶልኪን የጥንት እንግሊዞች ኢትዮጵያውያንን የሚጠሩበትን ስያሜ የመረመረ ጥናት በ1932 እና በ1934 በሁለት ክፍል አሳትሟል። ፊንላንዳዊው ኤልያስ ሎንሮት ደግሞ ቶልኪን ከመወለዱ በፊት የሞተ ሰው ነው። ሆኖም እሱ ያሰባሰበው የግጥም ተረክ «ካሌቫላ» ባይኖር የቶልኪን ገጸ ባሕርይ የቱሪን አሳዛኝ ታሪክ ባልተጻፈ ነበር።

ወደ ሉዊስ ስንመለስ ሁለቱም ሰዎች ራሳቸው መስክረዋል። ቶልኪን ለሉዊስ ያለበት ዕዳ በተለምዶ ተጽዕኖ የሚባለው ሳይሆን የማያቋርጥ ማበረታቻ መሆኑን፣ ያለ እሱ ግፊትም ሥራውን ባልጨረሰው እንደነበር ጽፏል። ሉዊስም በበኩሉ ቶልኪን ሲተች ወይ ሁሉንም ከሥር እንደሚጀምር፣ ወይ ጭራሽ እንደማይሰማ ተናግሯል። ስለዚህ ሉዊስ መጽሐፉ እንዲያልቅ እንጂ መጽሐፉ ምን እንዲመስል አላደረገም። አሳታሚው ቤተሰብም እንዲሁ ነው። ሬይነር አንዊን በአሥር ዓመቱ ለአባቱ «ዘ ሆቢት»ን አንብቦ አስተያየት ሲጽፍ የተከፈለው አንድ ሺሊንግ ነበር። አድጎ በአባቱ ድርጅት ሲሠራ «የቀለበቶቹ ጌታ» አንድ ሺህ ፓውንድ ሊያከስር እንደሚችል እያወቀ እንዲታተም ተሟገተ፤ መጽሐፉም በ1954 እና 1955 በሦስት ቅጽ ወጣ። ከቶልኪን ሞት በኋላ የመጡትን፣ እንደ ፊልም ሠሪው ፒተር ጃክሰን ያሉትን፣ ከእነዚህ ጋር ማሰለፍ ክብደትን በክንድ እንደ መለካት ነው፤ ጃክሰን የቶልኪንን ዝና እንጂ ብዕሩን አልነካም።

አንድ ሰው ብቻ በሁሉም በኩል አለ። ክሪስቶፈር ቶልኪን በልጅነቱ አባቱ «ዘ ሆቢት»ን ሲተርክ የበሩ ቀለም ተቀየረ እያለ ያርም ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደቡብ አፍሪካ ሳለ አባቱ ምዕራፎቹን በፖስታ ይልክለት ነበር፤ ካርታዎቹን የሣለውም እሱ ነው። አባቱ በ1973 ሲሞት ማሳተም ያቃተውን «ሲልማሪሊዮን» በ1977 አወጣ፤ ቀጥሎም ከ1983 እስከ 1996 ረቂቆቹን በአሥራ ሁለት ቅጽ አዘጋጅቶ አቀረበ። አንባቢ፣ ሐያሲ፣ ሠዓሊ፣ አዘጋጅና ወራሽ ነበር። ደረጃ ማውጣት ግድ ከሆነ፣ ሉዊስን ከመጀመሪያው ቦታ አንስቼ ክሪስቶፈርን አስቀምጣለሁ፤ ከጎኑም ስሚዝን።