የላሙ ጥንታዊ ከተማና አዲሱ ወደብ

ጥንታዊ ሕንፃ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ግድግዳውን፥ ጣራውንና በሩን ብቻ ነው። ነገር ግን ድንጋዩና እንጨቱ ከየት እንደ መጣ፥ ነዋሪው ውኃ ከየት እንደሚቀዳና ኑሮውን በምን እንደሚመራ ካልታወቀ የሕንፃው ታሪክ በግማሽ ይቀራል። ስለዚህም አዲስ ሥራ በጥንታዊ ሕንፃ ላይ የሚያመጣው ጉዳት ሲመረመር ምርመራው በግንቡ ሥር ሊቆም አይገባውም። ለዚህም በኬንያ ጠረፍ የምትገኘው የላሙ ከተማ መልካም ምሳሌ ናት። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ላሙ በምሥራቅ አፍሪካ ካሉት የስዋሂሊ ከተሞች መካከል በጥንታዊነቷና መልኳን ሳትለቅ በመኖሯ የታወቀች ስትሆን፥ ዩኔስኮ በ2001 በዓለም ቅርስ መዝገብ ጽፏታል። ቤቶቿ የተሠሩት ኮራል ከሚባለው የባሕር ድንጋይ፥ ከኖራና በባሕር ዳር በጨው ውኃ ውስጥ ከሚበቅለው የማንግሮቭ ዛፍ ነው። ጣራውን የሚሸከመው የማንግሮቭ ግንድ ርዝመቱ የተወሰነ በመሆኑ የክፍሎቹ ስፋት ከ3 ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ የቤቱን ልክ የሰጠው ዛፉ ነው ማለት ይቻላል። መንገዶቿ ለእግረኛና ለአህያ የሚበቁ ጠባብ መተላለፊያዎች ናቸው። በሼላ መንደር አጠገብ ያለው የአሸዋ ክምርም የዝናቡን ውኃ አጥልሎ ስለሚይዝ ለጕድጓዶቹ ጣፋጭ ውኃ ይሰጣል። እንግዲህ የላሙ ቤት ከባሕሩ፥ ከዛፉና ከአሸዋው ጋር የተሳሰረ ነው።

በመጋቢት 2 ቀን 2012 የኬንያው ፕሬዚዳንት ምዋይ ኪባኪ፥ የደቡብ ሱዳኑ ፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪርና የኢትዮጵያው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በላሙ ተገኝተው፥ ሦስቱን አገሮች በወደብ፥ በመንገድ፥ በባቡር ሐዲድና በነዳጅ ቧንቧ የሚያገናኘውን ታላቅ ሥራ መረቁ። የወደቡ ዕቅድ 32 የመርከብ ማቆሚያዎች እንዲኖሩት ነበር። የሥራው ዓላማ የሚነቀፍ አይደለም፤ ኢትዮጵያና ደቡብ ሱዳን የባሕር በር የሌላቸው አገሮች ናቸውና ሸቀጥ የሚያልፍበት ተጨማሪ መንገድ ያስፈልጋቸዋል። የሰሜን ኬንያ ሕዝብም ከመንገድና ከሥራ ርቆ የኖረ ነው።

ወደቡ የተሠራው በጥንታዊው ከተማ ውስጥ ሳይሆን በማንዳ ሰላጤ፥ በየብሱ ወገን ነው። በዚህ ምክንያት ግንብን ብቻ የሚመለከት ሰው፥ ከላሙ አንድ ድንጋይ እንኳ አልተነካም ሊል ይችላል። ነገር ግን ትልልቅ መርከቦች እንዲገቡ የባሕሩ ወለል ሲቆፈር ዓሣ የሚራባበት ስፍራ ይታወካል፤ ማንግሮቩ ሲመነጠር ጣራ የሚታደስበት እንጨት ይጠፋል፤ ሥራ ፈላጊው ሲበዛም የአሸዋው ክምር የያዘው ጥቂት ውኃ አይበቃም። ዓሣ አጥማጁ ከተሰደደ ደግሞ ቤቱን የሚጠግን ሰው አይኖርም። የዓለም ቅርስ ኮሚቴም ወደቡ በቅርሱ ላይ የሚያመጣው ለውጥ አስቀድሞ እንዲመረመር ደጋግሞ ያሳሰበው ስለዚህ ነው።

ከነዋሪዎቹ አንዳንዶቹ ነገሩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰዱት። በ2018 የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሕዝቡ የንጹሕ አካባቢና የባህል መብት እንደ ተጣሰ ፈርዶ፥ ከ4,000 ለሚበልጡ ዓሣ አጥማጆች ካሣ እንዲከፈል አዘዘ። በ2019ም የአገሪቱ የአካባቢ ጉዳይ የዳኝነት ሸንጎ፥ በላሙ አውራጃ ሊሠራ ለታሰበው በድንጋይ ከሰል ለሚሠራ የኤሌክትሪክ ማመንጫ የተሰጠውን ፈቃድ ሻረ፤ ከምክንያቶቹም አንዱ ሕዝቡ እንደሚገባ አለመጠየቁ ነው። የወደቡ የመጀመሪያ ማቆሚያ ግን በግንቦት 2021 ሥራ ጀመረ። በሁለቱ ነገሮች መካከል ያለው ልዩነት የጊዜ ነው፤ የማመንጫው ክርክር ሥራው ሳይጀመር ስለ ተፈረደ ጉዳቱ ሳይደርስ ቀረ፤ የወደቡ ፍርድ ግን ቁፋሮው ከተጀመረ በኋላ ስለ መጣ ከካሣ በቀር እምብዛም ሊሰጥ አልቻለም።

ተመሳሳይ ነገር በዛንዚባርም ታይቷል። በ2000 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የዛንዚባር የድንጋይ ከተማ፥ ከባሕሩ ፊት ለፊት በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የተሠራ ማምቦ ምሲጌ የሚባል ታላቅ ቤት አለ። ይህ ቤት ሆቴል እንዲሆን ተፈቅዶ በጎኑ አዲስ ሕንፃ ሲጨመርለት፥ የአዲሱ ሕንፃ ትልቅነት የከተማውን የባሕር ፊት እንደሚለውጥ ኮሚቴው አሳሰበ። ሆኖም ግንባታው ቀጥሎ ሆቴሉ በ2015 ተከፈተ። አሮጌው ቤት ቆሟል፤ በዙሪያው የነበረው መልክ ግን አልተመለሰም።

የሐውልቶችና የታሪካዊ ስፍራዎች ዓለም አቀፍ ጉባኤ በ2011 ለዚህ ምርመራ መመሪያ አውጥቷል፤ በ2022ም ከዩኔስኮና ከሌሎች ማኅበራት ጋር የተዘጋጀ አዲስ መመሪያ ተከትሎታል። ፍሬ ነገሩ በአራት ጥያቄዎች ሊጠቃለል ይችላል። ቅርሱን የከበረ ያደረገው ምንድን ነው? ሊሠራ የታሰበው ምንድን ነው? ሥራው ከዚያ ክብር ምን ይቀንሳል? ጉዳቱን ለማስቀረት ስፍራውን፥ መጠኑን ወይም አሠራሩን መለወጥ ይቻላልን? እነዚህ ጥያቄዎች መሠረቱ ከተቆፈረ በኋላ ከተጠየቁ፥ መልሱ ቢገኝም የሚያገለግለው ለመዝገብ ብቻ ነው። አበው ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ይህንኑ ነው።

በዚህ ረገድ የመምህራን ድርሻ ቀላል አይደለም። የታሪክ ትምህርት የነገሥታትን ስምና የሕንፃውን ዘመን በማስጠናት ብቻ ካለቀ፥ ተማሪው አድጎ መሐንዲስ፥ ዳኛ ወይም የከተማ ሹም ሲሆን ቅርስ የሚመስለው ግንቡ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ተማሪዎች በአጠገባቸው ወዳለው አሮጌ ቤተ ክርስቲያን፥ መስጊድ ወይም ገበያ ተወስደው፥ ድንጋዩ ከየትኛው ኮረብታ እንደ ተፈለጠ፥ እንጨቱ ከየትኛው ዱር እንደ ተቈረጠ፥ ሰዎቹም ከየትኛው ምንጭ እንደሚቀዱ ሽማግሌዎችን ጠይቀው እንዲጽፉ ቢደረግ መልካም ነው። እንዲህ ያለው ጽሑፍ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ቢቀመጥ፥ ነገ በዚያ ስፍራ መንገድ ወይም ፋብሪካ ሲታሰብ ለምርመራው የመጀመሪያ ማስረጃ ይሆናል።